የጌዴዎን መልስ እና የዮፍታሔ መልስ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአስተያየት ዓምድዎ ላይ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚወጡትን ደብዳቤዎች በትኩረት ስከታተል ቆይቻለሁ። ጸሐፊዎቹ በፖለቲካ አቋማቸው ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ። ደብዳቤያቸውን በእግዚአብሔር ስም ይጀምሩና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳይደርሱ የማይስማማቸውን ሰው ከሰው ተራ ያወጡታል። ይህን የምጽፈው እነርሱን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ እኔም እንደ እነርሱ ጽፌ አውቃለሁ፤ ያንንም ወደ በኋላ እናገራለሁ። ለማንሣት የፈለግሁት ጥያቄ አንድ ነው። ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው፣ ሕዝብ በፖለቲካ ለሁለትና ለሦስት በተከፈለበት ጊዜ፣ ስለ ተቃራኒው ወገን በምን ዓይነት አንደበት ሊናገር ይገባዋል?

«የለዘበች መልስ ቁጣን ትመልሳለች፤ ሸካራ ቃል ግን ቁጣን ታስነሣለች» የሚለውን የምሳሌ መጽሐፍ ቃል ያልሰማ ምእመን የሚኖር አይመስለኝም። ችግሩ ይህን ቃል ለባልና ሚስት ጠብ፣ ለጎረቤት ክርክር ወይም ለልጆች አስተዳደግ እንደ ተሰጠ ምክር አድርገን መያዛችን ነው። የፖለቲካ ጉዳይ ሲነሣ ሌላ ሕግ የሚሠራ ይመስለናል። ሆኖም መጽሐፍ ቅዱስ የለዘበና የሸካራ መልስ ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ከሚተርክባቸው ቦታዎች ሁለቱ በነገዶች መካከል የተነሣን ክርክርና በንጉሥ ፊት የቀረበን አቤቱታ የሚመለከቱ ናቸው።

በመጽሐፈ መሳፍንት ውስጥ የኤፍሬም ሰዎች አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዘው ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። መጀመሪያ የመጡት ወደ ጌዴዎን ነው። ምድያማውያንን ልትወጋ ስትወጣ ለምን አልጠራኸንም ብለው በብርቱ ተጣሉት። ጌዴዎን ሦስት መቶ ሰው ብቻ ይዞ ብዙ ሠራዊት ያባረረ ሰው ነበርና «ለመሆኑ እናንተ የት ነበራችሁ?» ብሎ ለመመለስ የሚከለክለው አልነበረም። እርሱ ግን የምድያምን አለቆች የያዙት እነርሱ መሆናቸውን አስታወሳቸው፤ የእናንተ የወይን ቃርሚያ ከእኔ ቤተ ሰብ መከር ይሻላል፣ እናንተ ካደረጋችሁት ጋር የሚተካከል ምን አድርጌአለሁ አላቸው። ይህን በተናገረ ጊዜ ቁጣቸው በረደ። ጌዴዎን እዚህ ላይ ያልዋሸ መሆኑ ልብ ይባል። አለቆቹን የያዙት በእርግጥ እነርሱ ናቸው። በእጁ ከነበሩት እውነቶች መካከል ሰሚዎቹን የሚያከብረውን መርጦ አስቀደመ እንጂ የፈጠረው ነገር የለም።

ሁለተኛ ጊዜ የመጡት ወደ ዮፍታሔ ነው። አሁንም ቅሬታው ያው ነው፤ አሞናውያንን ልትወጋ ስትሻገር ለምን አልጠራኸንም የሚል። በዚህ ጊዜ ግን ቤትህን በአንተ ላይ እናቃጥላለን የሚል ዛቻ ተጨምሮበታል። ዮፍታሔም ጠርቻችሁ እንዳላዳናችሁኝ ባየሁ ጊዜ በነፍሴ ቆርጬ ተሻገርሁ፣ ዛሬ ልትወጉኝ የመጣችሁት ለምንድን ነው ብሎ መለሰላቸው። መጽሐፉ ይህ መልስ ሐሰት መሆኑን አይናገርም። ፍሬ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው ለሰሚው ክብር የሚተወው ጥቂት ስፍራ ነው። ኤፍሬማውያንም በበኩላቸው የዮፍታሔን ወገኖች ገለዓዳውያንን ከእኛ ሸሽታችሁ የወጣችሁ ናችሁ፣ ራሳችሁን የቻላችሁ ሕዝብ አይደላችሁም በሚል መንፈስ ሰድበዋቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ገለዓዳውያን የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ፤ የሚሸሽ ሰው በመጣ ቁጥር «ሺቦሌት በል» እያሉ ይጠይቁት ነበር፤ አፉ አልገራ ብሎት «ሲቦሌት» ያለውን ሁሉ ይገድሉት ነበር። በዚያን ጊዜ ከኤፍሬም 42,000 ሰው እንደ ወደቀ ተጽፏል።

በዚህ ታሪክ ላይ ስንት ጊዜ እንዳሰብሁ አላስታውስም። ሁለቱም ወገኖች አንድ አምላክ የሚያመልኩ፣ ከአንድ አባት የሚወለዱ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ፤ በመጨረሻ የለያቸው የአንድ ፊደል ድምፅ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሌሎቹን «ሸሽታችሁ የወጣችሁ» ብለው የሰደቡት ኤፍሬማውያን በወንዙ መሻገሪያ ላይ የሸሹ ተብለው የተጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ በዕብራይስጡ በሁለቱም ቦታ የተቀመጠው ቃል አንድ ነው። ስድብ ዞሮ ሰዳቢውን እንዴት እንደሚያገኘው ከዚህ በላይ አጥብቆ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ጌዴዎንም ቢሆን ሁልጊዜ ለዘብተኛ ሰው እንዳልነበረ መሸሸግ አይገባም፤ በዚያው ምዕራፍ የሱኮትን ሽማግሌዎች በእሾህ ቀጥቷል። ስለዚህ አንደኛው ጻድቅ ሌላኛው ኃጢአተኛ ነው እያልሁ አይደለም። ያ አንድ መልስ የወንድማማቾችን ጦርነት በር ዘጋ፤ ይኸኛው አልዘጋም።

ሌላው ታሪክ የሮብዓም ነው። ሕዝቡ አባቱ የጫነበት ቀንበር እንዲቀልለት በሴኬም ለመነው። ንጉሡ ወዲያው ተቆጥቶ አልመለሰም፤ ሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጠ። ሽማግሌዎቹ መልካም ቃል እንዲናገራቸው መከሩት፤ አብሮ አደጎቹ ደግሞ ታናሺቱ ጣቴ ከአባቴ ወገብ ትወፍራለች በላቸው አሉት። በሦስተኛው ቀን፣ አባቴ በአለንጋ ገረፋችሁ እኔ ግን በጊንጥ እገርፋችኋለሁ አለ። ዐሥሩ ነገዶች ያን ዕለት ከዳዊት ቤት ተለዩ። ብዙ ጊዜ ክፉ ቃል በንዴት የሚወጣ አድርገን እንቆጥረዋለን፤ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የሚለውም አባባል የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። የሮብዓም አፍ ግን አላመለጠም። ሦስት ቀን ታስቦበት፣ አማካሪ ተጠይቆበት፣ የወዳጆች ጭብጨባ ተገምቶለት የተነገረ ነው። ዛሬ የምናነባቸው ስድቦችም አብዛኞቹ ተጽፈው፣ ታርመው፣ ምን ያህል ሰው እንደሚወድዳቸው ተሰልተው የሚወጡ ናቸው እንጂ በቁጣ የተወረወሩ አይደሉም።

ይህን ሁሉ ስል የሚነሣውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ፤ ቀላልም አይደለም። ጌታ ኢየሱስ ሄሮድስን ቀበሮ አላለውምን? ጻፎችንና ፈሪሳውያንን እናንተ እባቦች፣ የእፉኝት ልጆች አላላቸውምን? ኤልያስ በበኣል ነቢያት ላይ አልተሳለቀምን? ታዲያ ለክፉ ክፉነቱን መንገር ለምን ኃጢአት ይሆናል? በእኔ ዕድሜ ይህን ጥያቄ ሲያነሡ የሰማኋቸው ሰዎች ሁሉ ጠበኞች አልነበሩም፤ አንዳንዶቹ በደል የደረሰባቸው፣ ለዘመናት «ዝም በሉ፣ ሰላም ይሻላል» የተባሉ ሰዎች ናቸው።

ለእነርሱ ያለኝ መልስ ነቢያት ማንን እንደ ገሠጹ ደግመን እንድናይ የሚጠይቅ ነው። አሞጽን እንመልከት። ትንቢቱን የሚጀምረው በደማስቆ ነው፤ ቀጥሎ ጋዛን፣ ጢሮስን፣ ኤዶምያስን፣ አሞንን፣ ሞዓብን ይከስሳል። በእስራኤል የቆመ ሰሚ በእነዚህ ስድስት ክሶች ላይ ስድስት ጊዜ ራሱን እየነቀነቀ «እሰይ» ሳይል አልቀረም። ሰባተኛው ክስ በይሁዳ ላይ ነበር። ስምንተኛው፣ ከሁሉም የሚረዝመው፣ በራሷ በእስራኤል ላይ ሆነ፤ ጻድቁን ስለ ብር፣ ድሀውንም ስለ አንድ ጥንድ ጫማ ሸጣችኋል የሚለው። የእኛ ችግር ስድስቱን ክስ ደጋግመን ማንበባችንና ከዚያ መጽሐፉን መክደናችን ነው። ጌታም ፈሪሳውያንን የገሠጸው በፊታቸው ቆሞ ነው፤ በዚያው በማቴዎስ ወንጌል ሃያ ሦስተኛ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዶሮ ጫጩቶችዋን በክንፎችዋ በታች እንደምትሰበስብ ልጆችሽን እሰበስብ ዘንድ ስንት ጊዜ ወደድሁ እያለ ለኢየሩሳሌም ያዝናል። ተግሣጹን የወሰድን ሰዎች ኀዘኑን አልወሰድንም። ዮሐንስ መጥምቅ ለሄሮድስ «እርስዋ ለአንተ ልትሆን አልተፈቀደም» ያለው ለራሱ ለሄሮድስ ነው፤ ዋጋውንም በአንገቱ ከፍሏል። የእኛ ሸካራ ቃል ግን ባብዛኛው ስለ ሌለ ሰው፣ አጨብጫቢ በሆነ ጉባኤ ፊት፣ ያለ አንዳች ዋጋ የሚነገር ነው። ይህን ከነቢያት ድፍረት ጋር ማስተካከል እውነት አይመስለኝም።

ደቀ መዛሙርቱም በዚህ ተፈትነው ወድቀዋል። አንድ የሳምራውያን መንደር ጌታን ሳይቀበል በቀረ ጊዜ ያዕቆብና ዮሐንስ፣ እሳት ከሰማይ ወርዶ እንዲያጠፋቸው እንድንል ትወዳለህን ብለው ጠየቁት። በኤልያስ ያዩት ሥልጣን በእጃቸው ያለ መስሏቸዋል። እርሱ ዘወር ብሎ የገሠጸው መንደርተኞቹን ሳይሆን እነርሱን ነው፤ ከዚያም ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። ብዙዎቻችን ታሪኩ እዚያ ላይ የሚያበቃ ይመስለናል። የሐዋርያት ሥራ ስምንተኛ ምዕራፍ ግን ሰማርያ የእግዚአብሔርን ቃል እንደ ተቀበለች በተሰማ ጊዜ ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደዚያ እንደ ተላኩ፣ ጸልየውላቸውና እጃቸውን ጭነውባቸው መንፈስ ቅዱስን እንደ ተቀበሉ፣ ሲመለሱም በብዙ የሳምራውያን መንደሮች ወንጌልን እንደ ሰበኩ ይነግረናል። እሳት ይውረድባቸው ያለው ሰው እጁን ሊጭንባቸው ተላከ። ያን ጊዜ የለመነው ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በአንደኛው መንደር የሚሰማው አያገኝም ነበር።

ጳውሎስም ቢሆን አንድ ቀን አፉ አምልጦታል። በሸንጎ ፊት ቆሞ ሳለ ሊቀ ካህናቱ ሐናንያ አፉን እንዲመቱት ባዘዘ ጊዜ «አንተ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ» አለው። በእርግጥም ተበድሏል፤ ያለ ሕግ እንዲመታ ታዝዞበታል። ያም ሆኖ ሊቀ ካህናት መሆኑን በነገሩት ጊዜ፣ በሕዝብህ አለቃ ላይ ክፉ ቃል አትናገር ተብሎ መጻፉን ጠቅሶ ቃሉን መለሰ። እዚህ ላይ ያለው ትምህርት ለሥልጣን መስገድ አይደለም፤ ጳውሎስ ክርክሩን አልተወም፣ ይግባኙንም እስከ ቄሣር አድርሷል። የተወው ስድቡን ብቻ ነው። በይሁዳ መልእክት ደግሞ የመላእክት አለቃ ሚካኤል ከዲያብሎስ ጋር ሲከራከር እንኳ የስድብን ፍርድ ሊናገር እንዳልደፈረ፣ «ጌታ ይገሥጽህ» ብቻ እንዳለው ተጽፏል። ከዲያብሎስ የባሰ የፖለቲካ ተቃዋሚ ያለው ሰው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ምክንያቱን ከሁሉ አጥርቶ የሚናገረው ሐዋርያው ያዕቆብ ነው። በአንደበታችን ጌታንና አብን እንባርካለን፤ በእርሱም እንደ እግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠሩትን ሰዎች እንረግማለን ይላል። የተራገምነው ሰው በምን ወገን እንደሆነ፣ ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ያዕቆብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በማን አምሳል እንደ ተፈጠረ ነው። ሥራን መንቀፍና ሰውን ከሰውነቱ ማውረድ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። «ያወጣው መመሪያ ድሆችን ይጎዳል»፣ «የተናገረው ሐሰት ነው፣ ማስረጃውም ይኸው» ማለት፣ የቱንም ያህል የሚመርር ቢሆን፣ የሰውየውን ሥራ የሚመለከት ነው። አውሬ፣ ተባይ፣ ነቀርሳ ማለት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ ከጭፍጨፋው በፊትና በጭፍጨፋው ወቅት ራዲዮ ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ይጠራ ነበር፤ ይሰማ የነበረው ሕዝብ ደግሞ አብዛኛው ክርስቲያን ነበር። ቃሉ ብቻውን ሰው አልገደለም፤ የገዳዩን እጅ ግን አቀለለለት። ጌታ በተራራው ስብከት «አትግደል» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ወንድሙን ጨርቃም፣ ደንቆሮ የሚለውን ሰው ማንሣቱ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ ይህ ነገር በቋንቋችን ውስጥ ገና ስድብ ሳይባል የሚጀምርበት ቦታ አለ። እስከ ትናንት «እርሳቸው» እና «አንቱ» ስንላቸው የነበሩ ሰዎች የሌላው ወገን መሆናቸው በታወቀ ማግስት «እሱ» እና «አንተ» ሆነው ያድራሉ። አንዲት የግሥ ፍጻሜ ትለወጣለች፤ ሰሚው ሁሉ ግን ምን እንደ ተባለ ያውቃል። በሰምና ወርቅ የተሸፈነውን፣ ቢጠይቁት «እኔ እንዲህ አላልሁም» ተብሎ የሚካደውን ነገርማ ተዉት፤ በእርሱ ጥበበኞች ነን።

ስለ ደግ አንደበት ሲነገር የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ ደግነት ያለ እውነት አይቆምም። ዐሥሩ ትእዛዛት ውስጥ «አትሳደብ» የሚል አልተጻፈም፤ «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚል ግን ተጽፏል፤ ኦሪት ዘጸአት ከዚያ ወደ ሦስት ምዕራፍ ያህል ዝቅ ብሎ ሐሰተኛ ወሬን አትቀበል ይላል። ዛሬ በስልካችን የሚደርሰንን ስለ ተቃራኒው ወገን የተነገረ ክፉ ወሬ ሳናጣራ ለሃምሳ ሰው ስናስተላልፍ ስድብ አልጻፍንም፤ ቃላችንም ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ «እስቲ ይህን እዩና ጸልዩ» ብለን ልንጨምርበት እንችላለን። ምስክርነቱ ግን ሐሰት ነው፤ ጸሎት መጨመሩም አያጸዳውም። ስሕተቱ ሲታወቅ ማስተካከያውን ለእነዚያው ሃምሳ ሰዎች የሚልክ ስንቱ ነው?

በዚያው መጠን የለዘበ ንግግር ጥሪ ለኃያላን መሸሸጊያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። የተበደለ ሰው ሲጮኽ «በጨዋ ቋንቋ ተናገር» ብሎ ማለፍ ክርስትና አይደለም። ኤርምያስ ሰላም ሳይኖር «ሰላም ሰላም» እያሉ የሕዝቤን ስብራት በጥቂቱ ይፈውሳሉ ብሎ የከሰሳቸው ካህናትና ነቢያት ቃላቸው ሸካራ ስለሆነ አልነበረም፤ ይልቁንም በጣም ስለ ለሰለሰ ነው። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ጠላትን የሚረግሙ መዝሙሮች መኖራቸው አንዳንድ ሰዎችን ያስደነግጣል፤ እኔን ያጽናናኛል። ቁስለኛው ምሬቱን ይዞ ወደ እግዚአብሔር እንዲጮኽ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ የለዘበ ንግግር ሸክም መጀመሪያ የሚወድቀው በተበደለው ላይ ሳይሆን ሥልጣን፣ መድረክና ብዕር ባለን ሰዎች ላይ ነው።

ይህ ሁሉ በተግባር ይቻላል ወይ ለሚል ሰው በታሪክ ውስጥ ሞክረውት ያለፉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ387 በአንጾኪያ አዲስ ግብር ስለ ተጣለ ሕዝቡ ተቆጥቶ የንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ሰባበረ። ከተማዪቱ ቅጣትዋን በፍርሃት ስትጠብቅ ሽማግሌው ጳጳስ ፍላቢያኖስ ምሕረት ለመለመን ወደ ቁስጥንጥንያ ሄዱ፤ በዚያን ጊዜ ገና ቄስ የነበረው ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ በዐቢይ ጾም ለሕዝቡ ይሰብክ ነበር። ከዚያ ሁሉ የፖለቲካ ጭንቀት መካከል ደጋግሞ ያነሣው ስለ አንደበት ነው። ከዶሮና ከዓሣ ተከልክለን ወንድሞቻችንን የምንነክስና የምንበላ ከሆነ ጾማችን ምን ይጠቅማል አለ። የጳጳሱም ልመና ተሰማ፤ ከተማዪቱ ምሕረት አገኘች። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ በጥቅምት 1774 ከምርጫ በፊት ድምፅ ካላቸው ተከታዮቹ ጋር ተገናኝቶ የሰጠው ምክር በማስታወሻው ላይ ይገኛል። ይገባዋል ለሚሉት ሰው ያለ ክፍያና ያለ ስጦታ ድምፅ እንዲሰጡ፣ ድምፅ የነፈጉትን ሰው በክፉ እንዳያነሡ፣ በሌላው ወገን ድምፅ በሰጡት ላይ መንፈሳቸው እንዳይሻክር ነው የመከራቸው። ይህን ጽሑፍ በየምርጫው ዋዜማ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቢለጥፉት እወድ ነበር።

አብርሃም ሊንከንም በመጋቢት 1865፣ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ እያለች፣ ሁለቱም ወገኖች አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፣ ወደ አንድ አምላክም ይጸልያሉ፣ እያንዳንዱም በሌላው ላይ እርዳታውን ይለምናል ሲል ተናግሯል። ከዚህ ንግግር ብዙ የሚጠቀሰው «ለማንም ክፋት ሳናስብ» የሚለው መዝጊያው ነው። በዚያው ንግግር ግን ሰዎች ከሌሎች ሰዎች ፊት ላብ እንጀራቸውን ለመንጠቅ የጻድቅ አምላክን እርዳታ መጠየቃቸው እንደሚያስገርም ተናግሮ፣ ወዲያው እንዳይፈረድብን አንፍረድ ይላል። ባርነትን በስሙ ጠርቶታል፤ የባሪያ ባለቤቶቹን ግን ከእግዚአብሔር ፍርድ በፊት አልፈረደባቸውም። ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈር በበኩሉ ከ1935 እስከ 1937 በፊንከንቫልደ ይመራው በነበረው የሰባኪያን ማሠልጠኛ አንድ ቀላል ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ማንም ሰው በሌለበት ስለ እርሱ እንዳይነገር፣ ከተነገረም ለራሱ ለተነገረበት ሰው እንዲነገረው። ይህ ሰው ፈሪ አልነበረም፤ የሂትለርን አገዛዝ በመቃወሙ በሚያዝያ 1945 ተሰቅሎ ሞቷል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አብረን ለረጅም ጊዜ ስንጸልይ የኖርን አንድ ወዳጄ በፖለቲካ ጉዳይ የጻፈውን አነበብሁና ብዙ ሰው በሚያየው የጋራ የመልእክት መድረክ ላይ መለስሁለት። ከክርክሬ መካከል ዛሬም የምቆምለት ክፍል አለ። ነገር ግን መጨረሻ ላይ «ለሆድህ ያደርህ ሰው ነህ» አልሁት። ብዙ ሰው ወደደው። ለአራት ወራት ያህል በጸሎት ቤት በተለያየ ረድፍ ተቀመጥን። መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ የሚለውን ቃል ሌሎችን ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ጌታ የተናገረው «አንተ በወንድምህ ላይ ቅር ቢልህ» ብሎ እንዳልሆነ ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቅር መሰኘቴን ሳስታምም ቅር የተሰኘብኝን ረስቼ ነበር። ሄጄ ይቅርታ በጠየቅሁት ጊዜ በደንብ ተቀበለኝ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ስድቡን ትቼዋለሁ፣ ያልተውሁት ልጄ ማንበቧን ነው አለኝ። «የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳ» የሚለውን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የወጋሁት እኔ ሆኜ ግን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያወጣሁት መመዘኛ አንድ ነው። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ወገን የጻፍሁትን ከመላኬ በፊት ሰውየው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ልጁም አጠገቡ ሆና፣ ድምፄን ሳልቀንስ ላነብለት እችላለሁን? ከቻልሁ፣ ምንም ያህል ቢመርር፣ እልከዋለሁ። ካልቻልሁ የሚጎድለኝ ድፍረት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህ መመዘኛ ክርክሬን አላደከመውም፤ እንዲያውም ስድቡን ሳወጣ ባዶ የሚቀሩ አንቀጾች እንደ ነበሩኝ አሳይቶኛል።

ከእርስዎም፣ ክቡር ዋና አዘጋጅ፣ የምጠይቀው አለኝ። መራራ ደብዳቤ አይመልሱ፤ ባለሥልጣንን የሚሞግት ጽሑፍም ጨዋነት ጎደለው ተብሎ አይቅር። ነገር ግን ሰውን በሥራው ሳይሆን በትውልዱ፣ በእምነቱ ወይም በወገኑ የሚያዋርደው ዓረፍተ ነገር ተለይቶ ለጸሐፊው ይመለስለት፤ ክርክሩን ያለ እርሱ ማቆም ከቻለ ይውጣለት። ስሕተት ሆኖ የተገኘ ክስም ማስተካከያው ክሱ በወጣበት ገጽና በዚያው የፊደል መጠን ይታተም። አንባቢዎችዎን በአንድ ቀን አይለውጥም፤ እኔን ጨምሮ ለመጻፍ የምንቀመጥ ሰዎች ግን ሁለት ጊዜ እናስባለን።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለዚያ ወዳጄ አነበብሁለት። ስለ እርሱ የጻፍሁት ይውጣ ብሎ ፈቅዷል። ስለ ዮፍታሔ በጻፍሁት ላይ ግን አልተስማማም፤ ቤትህን እናቃጥላለን ብሎ ለመጣ ሰው ከዚያ የለዘበ መልስ አይጠበቅም፣ ጥፋቱ የጀመረው ከኤፍሬም ነው ይላል። እስከ ማታ ተከራከርን፤ ደብዳቤውን ግን አልለወጥሁትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢዎ